የፒካፕ መኪናዬ ኮፈን መቆለፊያ፦ ሦስተኛው ሙከራ

ዛሬ የኮፈኑን መክፈቻ በሁለት ጣት ሳብኩት፤ ቀጭ ብሎ ለቀቀ። እዚህ ለመድረስ ሦስት ሙከራ ፈጅቶብኛል፤ ደስታዬም የዚያኑ ያህል ነው።

መሳቢያው መክበድ ሲጀምር መጀመሪያ ደብሊው ዲ 40 የሚባለውን ስፕሬይ ነፋሁበት። በሁለት ሳምንቱ ያው ሆነ። ለካ የስሙ ሁለት ፊደላት ውኃ ማስወገድን ነው የሚያመለክቱት። እርጥበት ያባርራል፣ የተጣበቀ ያላቅቃል፤ ቅባትነቱ ግን ብዙ አይቆይም። በሁለተኛው ዙር ግሪስ ለቀለቅኩበት። ይሄ ደግሞ ባሰ። መቆለፊያው ከፊት ፍርግርጉ ኋላ ስለሚቀመጥ የመንገድ አቧራና ጭቃ በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ግሪስ ሲጨመርበት እንደ ሊጥ ይያያዛል፤ ሞላውም ለመመለስ አቅም ያጣል።

አሁን ከጽዳቱ ጀመርኩ። ራዲያተሩና ቺንጋው ላይ እንዳይረጭ ከኋላ ወፍራም ጨርቅ ጋረድኩ። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ነፋሁ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ፣ ጠረግኩ፣ ደግሜ ነፋሁ። ጥቁሩ ፈሳሽ መውረድ እስኪያቆም ድረስ። ስፕሬዩ ቀለም ይልጣልና ቦዲው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ። ብሎኖቹን አልፈታሁም። መፍታት ካለባችሁ ግን ቦታቸውን በማርከር አስምሩ፤ ትንሽ ከተዛነፈ ኮፈኑ አልገጥም ይላል።

ቆሻሻው ሲነሳ ያየሁት አስደነገጠኝ። ኮፈን ሁለት መያዣ አለው። አንዱ ከውስጥ ስንስብ የሚለቀው ነው። ሌላው እጃችንን አስገብተን በጣት የምንገፋው መንጠቆ ነው። የመጀመሪያው መያዣ እየነዳን ሳለ ቢለቅ ኮፈኑ ተነስቶ መስታወቱ ላይ እንዳይወድቅ የሚይዘው ይሄ መንጠቆ ብቻ ነው። የእኔው ተገፍቶ በቀረበት ደርቋል! እኔ ስለ መሳቢያው ክብደት ስጨነቅ፣ ከዚያ የሚብሰው እዚያው አጠገቡ ነበር። እባካችሁ እናንተም የራሳችሁን ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁትና ራሱ ሲመለስ እዩ።

ማጽጃው ከደረቀ በኋላ በማጠፊያዎቹ፣ በሞላውና በመንጠቆው ላይ ነጭ ሊቲየም ግሪስ ስስ አድርጌ ቀባሁ። መሳቢያውን ከመቆለፊያው ጋር በሚያገናኘው ኬብል ውስጥ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት አስገባሁ። ዘይቱና ግሪሱ እንዲዳረስ ሁሉንም ደጋግሜ አንቀሳቀስኩ።

ኮፈኑን ከመዝጋቴ በፊት መቆለፊያውን እንደተዘጋ አድርጌ በካቻቢቴ ገፋሁትና ከውስጥ ሳብኩ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አምስቱንም ለቀቀ። ይህችን ሙከራ አትዝለሏት፤ ሳይለቅ ከተዘጋ መክፈቱ ትልቅ ጣጣ ነው። ድንገት ተዘግቶ እምቢ ካለም አንድ ሰው ከላይ ኮፈኑን ወደ ታች ይጫን፣ ሌላው ከውስጥ ይሳብ። መቆለፊያው ላይ ያለው ውጥረት ስለሚላላ ብዙ ጊዜ ይለቃል።

የቀረኝ ኬብሉ ነው። መታጠፊያው ላይ ሽፋኑ ተሰንጥቋል፤ በዚያ ውኃ እየገባ ውስጡ መዛግ ጀምሯል። ዘይቱ ለጊዜው ይዞታል፤ ከመበጠሱ በፊት ግን በአዲስ እቀይረዋለሁ።