ኮምፒውተሩ ያወጣቸው 20 ሰዎች

እኛ አሜሪካ የምንኖር ሰዎች ለግሪን ካርዱም፣ ለዜግነቱም፣ ለሥራውም አሻራ ሰጥተናል። እህቴ «ማሽን አይሳሳትም» ባለችኝ ቁጥር የብራንደን ሜይፊልድን ጉዳይ አነሳባታለሁ።

ማርች 11 ቀን 2004 ማድሪድ ውስጥ ባቡሮች ላይ ቦምብ ፈነዳ። የፈንጂ ማቀጣጠያ በያዘ ከረጢት ላይ አሻራ ተገኘ። የኤፍቢአይ ኮምፒውተር የጣቱ መስመሮች የሚያልቁበትንና የሚከፈሉበትን ነጥብ ከሚሊዮኖች መዝገብ ጋር አስተያይቶ፣ ይቀራረባሉ ያላቸውን 20 ሰዎች ዘረዘረ። ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል፤ «እሱ ነው» ብለው የቆረጡት ሰዎች፣ ማለትም የኤፍቢአይ አሻራ መርማሪዎች፣ ናቸው። የቆረጡበትም የኦሪገኑ ጠበቃ ሜይፊልድ ነበር፤ አሻራው ወታደር ሳለ የተመዘገበ። የስፔን ፖሊስ «አይገጥምም» ቢላቸውም አልተቀበሉም፤ ሰውየው ሁለት ሳምንት ታሰረ። ኋላ ስፔኖች አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ደረሱበት። ኤፍቢአይ ይቅርታ ጠየቀ፤ መንግሥት በ2006 የ2 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለ።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ ሁለቱ አሻራዎች እውነትም በጣም ይመሳሰሉ ነበር። መዝገቡ በሰፋ ቁጥር ደግሞ እንዲህ የሚመሳሰል ንጹህ ሰው የማግኘት ዕድሉም ይሰፋል። ሜይፊልድ ሙስሊም መሆኑም መርማሪዎቹ ውሳኔያቸውን ቆም ብለው እንዳያዩ ሳያደርግ እንዳልቀረ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ተቆጣጣሪ ጽፏል።