«ጃንግል» ከየት መጣ? የሥርወ ቃል ማስታወሻ

የቃላት ሥር ለምታሳድዱ የድሬና የሐረር ወዳጆች፦ «ጃንግል» በመጨረሻ መስመር ያዘ። ከሥሩ እስከ ቅርንጫፉ ስለተገናኘልኝ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ሥራ አጭር ነው። እንግሊዝኛው ከሂንዲው «ጀንገል»፣ ሂንዲውም ከሳንስክሪቱ «ጃንጋላ» ወሰደ። ፋርስኛም ያንኑ ቃል ለደን ይጠቀምበታል። የጣሊያንኛው «ጁንግላ» የመጣው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። እስከዚህ ደህና መዝገበ ቃላት ያደርሳል።

አስቸጋሪው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። «ጃንጋላ» ማለት ውኃ ያጠረው፣ ዛፉ የሳሳ ደረቅ ምድር ነው። የጥንት የህንድ ሕክምና መጻሕፍት ምድርን በሦስት ይከፍላሉ፦ ደረቁ ጃንጋላ፣ ረግረጋማው አኑፓ፣ መካከለኛው ሳዳራና። ዛሬ ግን ጃንግል ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ሐረግ የተጠላለፈበት፣ ዝናብ የማይለየው ደን ነው። ብዙ ሰው «ትርጉሙ ተገለበጠ» ብሎ ያልፈዋል። ይህ መልስ አይደለም። ቃል ያለ መሸጋገሪያ አይገለበጥም፤ መሸጋገሪያው እስኪገኝ የቃሉን ታሪክ የምንመዘግብበት ካርድ ክፍት ይቆይ።

መሸጋገሪያው እ.ኤ.አ. በ1776 በታተመ የሂንዱ ሕግ የእንግሊዝኛ ትርጉም ውስጥ አለ። አምስት ዓመት ጠፍ ሆኖ የቆየ መሬት ጃንግል ይባላል ይላል። ስለ ዝናብ የሚል ነገር የለም፤ መለኪያው ማረሻ ነው። ሰው ያላቀናው መሬት ደረቅ ሜዳም፣ እሾሃማ ጥሻም፣ እርጥብ ደንም ሊሆን ይችላል። በኋላ ቃሉ ወደ ዝናባማው ሞቃት አገር ሲዛመት ጥቅጥቅ ያለው ምስል አሸነፈ።

ድሬዳዋ ላለ ሰው ይህ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ወደ ሽንሌ በሚወስደው ሜዳ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ የወረረውን መሬት ተመልከቱ። ዝናቡ ጥቂት፣ አፈሩ አሸዋ፤ ቅርንጫፉ ግን ከመሬት ጀምሮ ይጠላለፍና ከብት ሰንጥቆ አያልፈውም። ድርቀትና ጥቅጥቅነት አብረው ይኖራሉ። እነዚያ የሕክምና መጻሕፍት ከጃንጋላ ዛፎች መካከል ካዲራን፣ ባዳሪንና ሻሚን ይጠቅሳሉ። የመጀመሪያው የግራር፣ ሁለተኛው የቁርቁራ፣ ሦስተኛው የዚሁ የፕሮሶፒስ ዘመድ ነው። የጥንቱ ጃንጋላ ለእኛ ቆላ ባዳ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ያረጀ የዝናብ ደን ውስጡ ለመራመድ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ጥላው ከሥር የሚበቅለውን ያቀጭጨዋል። የሚጠላለፈው ብርሃን የሚገባበት የወንዝ ዳርና ተመንጥሮ የተተወ ቦታ ነው። ዞሮ ዞሮ የተተወ መሬት!

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ለጥንቱ ትርጉም «ጫካ» አይበቃም፣ «ዱር» ይሻላል። ጫካ ዛፍን ይቆጥራል፤ ዱር ግን ሰው ያልገራውን ሁሉ ይይዛል። ሂንዲ ያልታረመውን ሰው «ጀንግሊ» ይላል፣ እኛም ከዱር «ዱርዬ» አውጥተናል። ለዛሬው የፊልም ጃንግል ጫካ ማለት ምንም አይደለም።

ካርዱ ላይ አራት መስመር ይበቃል፦ ቃሉ መጀመሪያ የተጻፈበት ዓመት፣ ያለበት ዓረፍተ ነገር እንዳለ፣ አገሩ፣ በዚያ ዓረፍተ ነገር ያለው ትርጉም። ዓረፍተ ነገሩን አሳጥራችሁ አትገልብጡ፤ «አምስት ዓመት» የሚለው ቢቀር ኖሮ ማረሻው አይታይም ነበር። የድምፅ መመሳሰልን ብቻ ይዞ መሮጥን በጣም እጠላለሁ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪና ዓረብኛ በአንድ ገበያ በሚሰሙበት አገር የሚመሳሰል ቃል አይጠፋም። ዓመትና ቃሉን ያመጣው ሰው ካልታወቀ አትመዝግቡ።

ጀማሪዎች በጃንግል አትጀምሩ። ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ገብታችሁ ከልብስ ተራ ጀምሩ። ፒጃማ በፋርስኛ «ፓይ» እግር፣ «ጃማ» ልብስ ነው፤ በህንድ በኩል እንግሊዝኛ ገባ። ካኪ አቧራ ከሚለው «ኻክ» መጥቶ በ19ኛው መቶ ዘመን በብሪታንያ ህንድ ለወታደር ልብስ ዋለ። ሻምፖን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ሂንዲው «ቻምፖ» እሽ፣ ተጫን የሚል ትእዛዝ ስለሆነ ገላ ከማሸት ወደ ፀጉር ማጠብ የተሻገረበትን ደረጃ ለብቻው ካርድ አውጡለት።