ከጠርሙሱ በፊት በረዶው

ጎንደር ማራኪ አካባቢ ኮክቴል ያለው የሰፈር ምግብ ቤት ልከፍት ስነሳ፣ ያማከርኩት ሰው ሁሉ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ኪራይና ስለ መጠጥ ዋጋ ነገረኝ። ስለ በረዶ የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ሌላው ነገር መንገዱ የታወቀ ነው። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር መለያ ቁጥር፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ የሠራተኞች የጤና ምርመራ፤ ትዕግሥት እንጂ ብልሃት አይጠይቅም፣ ሁሉንም ሦስት ሦስት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የምትከፍቱ ከሆነ አስተናጋጆቹ መታወቂያ መጠየቅን ከመጀመሪያው ቀን ይልመዱ። ባንኮኒውን አናጢ ይሠራዋል። ብርጭቆ ከምታስቡት በላይ ይሰበራል፤ እጥፍ ግዙ።

አሁን ወደ በረዶው።

መክፈቻውን ጥር 10 አደረግኩት። ከተራ ነው፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርዱበት ቀን፤ ከተማዋ በዓመት አንዴ ከአፍ እስከ ገደፏ ትሞላለች። ከዚያ የተሻለ ቀን የሌለ መስሎኝ ነበር። ለአዲስ ቤት ከዚያ የባሰ ቀን እንደሌለ የገባኝ በኋላ ነው። እንግዳ ሲበዛ ውሃም መብራትም አብሮ ይፈተናል፤ ያልተፈተነ ቤት ደግሞ የሚሰበረው ያኔ ነው።

ስህተቱ ግን የጀመረው ገና ዕቃ ስገዛ ነው። ዲፕ ፍሪዘር ሻጩን የጠየቅኩት "ስንት ሊትር ነው?" ብዬ ነው። 300 አለኝ፣ ሰፊ ነው ብዬ ከፈልኩ። ሊትሩ የሚነግራችሁ ስንት ዕቃ እንደሚይዝ ብቻ ነው። ለበረዶ የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር ከጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ በ24 ሰዓት ስንት ኪሎ ማርጋት እንደሚችል የሚናገረው። የእኔ 14 ኪሎ ይላል። አሁን አስሉት። አንድ ኮክቴል ሼከር (መጠጡ ከበረዶ ጋር የሚናጥበት ክዳን ያለው ዕቃ) ውስጥ የሚመታበትና ብርጭቆ ውስጥ የሚቀርብበት ሲደመር 400 ግራም ያህል በረዶ ይበላል። 40 ብርጭቆ ከተሸጠ 16 ኪሎ፣ ባልዲ ውስጥ የሚቀልጠው ሲጨመር 20 ኪሎ። መብራት ሳይጠፋ፣ ውሃ ሳይቋረጥ፣ ገና በመጀመሪያው ማታ 6 ኪሎ ጎድሎብኛል ማለት ነው። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ጥፋት ሥጋውንና በረዶውን አንድ ፍሪዘር ውስጥ ማድረጌ ነው። በረዶ ሽታ ይስባል፤ የሽንኩርት፣ የጥሬ ሥጋ፣ የቅቤ። ከዚያም በላይ ወጥ ቤቱ ጥብስ በታዘዘ ቁጥር ሽፋኑን ይከፍታል። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ሽፋኑ ሳይከፈት ከቆየ መብራት ቢጠፋም እስከ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሹ ብቻ ከሞላ 24 ሰዓት። በየሩብ ሰዓቱ ከተከፈተ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም።

ጥር 8 ማታ መብራት ጠፋ። ስልክ ደወልኩ፤ "እየተሠራ ነው፣ ይመጣል" ተባልኩ። በማግስቱም ያው መልስ። "ነገ ከሰዓት በፊት አይመጣም" ብለው ቁርጡን ቢነግሩኝ በረዶውን ጭኜ ሌላ ቤት አስቀምጠው ነበር። ለነጋዴ ከመጥፎ ዜና ይልቅ "ይመጣል" የሚለው ቃል ነው የሚጎዳው። ሲመጣም ኃይሉ ደክሞ መጣ፤ አምፖሉ ቀላ፣ ፍሪዘሩ ሊነሳ እየሞከረ አጉረመረመ፣ ሦስት አራት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አለ፣ ከዚያ ዝም። ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም የሚያቀዘቅዘው ሞተር፣ ተቃጠለ። የገጠመልኝ ባለሙያ "አዲስ ዕቃ ስታቢላይዘር አያስፈልገውም" ብሎኝ ነበር። ያስፈልገዋል። የኃይሉን መዋዠቅ የሚያስተካክል ዕቃ ነው፤ መብራት ከመጣ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ የሚያስነሳውን ዓይነት ግዙ፤ የቆመ ኮምፕረሰር ውስጥ ያለው ግፊት እስኪረጋጋ ጊዜ ይፈልጋል፣ በደካማ ኃይል ወዲያው ሲነሳ ነው የሚነደው።

ውሃም በመስመር አልመጣም፣ ቦቴ አስመጥቼ ሮቶውን ሞላሁ። ሊፈትሽ የመጣው ተቆጣጣሪ ክሎሪኑን ጨምር አለኝ፣ ጨመርኩ። ያንን ውሃ ሳላፈላ፣ ሳላጣራ በፌስታል ቋጥሬ ጎረቤት ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩት፤ በመዶሻ ሰባብረን አቀረብን። ብርጭቆው ውስጥ ሲታይ መሃሉ እንደ ወተት ነጭ፣ ዳሩ የተሰነጣጠቀ፣ ላዩ ላይ የፌስታሉ ሽንሽን እንደታተመ ነው። አንድ አዛውንት አሽትተው ብርጭቆውን ወደኔ ገፋ አደረጉትና "ልጄ፣ ይሄ በረኪና በረኪና ይላል" አሉ። "ይቅርታ ጋሼ፣ እቀይርልዎታለሁ" አልኩ። የምቀይርበት በረዶ ግን ከዚያው ፌስታል የወጣ ነበር።

ያ በረዶ መጠጡን ያበላሸው በመጥፎ ጠረኑ ብቻ አይደለም። ግማሹ ቀልጦ የረጠበ በረዶ ላዩ ላይ ውሃ ተሸክሞ ሼከር ውስጥ ይገባል፤ መጠጡ ሳይቀዘቅዝ ይቀጥናል። በደንብ የተመታ ኮክቴል ከበረዶው የሚወስደው ውሃ ከጠቅላላው ሩብ ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ ሎሚውም ጂኑም ይጠፋል፣ እንግዳው "አሳነሱብኝ" ይላል፣ እውነቱንም ነው።

አሁን የምሠራበት መንገድ ይኸውና። ለሮቶው ክሎሪን ይግባ፣ አልከራከርም። ለበረዶና ለሽሮፕ የሚሆነውን ውሃ ግን በከሰል ማጣሪያ አሳልፋችሁ አፍሉት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሙሉ 3 ደቂቃ ተዉት። ንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ እስኪቀዘቅዝ አቆዩት፣ የክሎሪኑ ሽታ ይሄዳል። "ሁለቴ የተፈላ ውሃ ጥርት ያለ በረዶ ይሆናል" የሚባለውን ሞክሬዋለሁ፤ አይሆንም። በረዶ መሃሉ የሚነጣው ከሁሉም ጎን ስለሚረጋ ነው፤ አየሩና ማዕድኑ እየተገፋ መሃል ላይ ይታሰራል። መድኃኒቱ ቅዝቃዜው ከአንድ ወገን ብቻ እንዲገባ ማድረግ ነው። ለሽርሽር የሚያዘውን ማቀዝቀዣ ሳጥን ክዳኑን አንስታችሁ፣ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ጎኑና ታቹ ቅዝቃዜ ስለማያስገባ ከላይ ወደ ታች ይረጋል። የእኔ በአንድ ቀን 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረጋል። የታችኛው ሩብ ሳይረጋ አውጡና ውሃውን ድፉት፤ ቆሻሻው እዚያ ነው። ከዚያ 20 ደቂቃ ውጭ አቆዩት። ከፍሪዘር እንደወጣ ቢላ ካሳረፋችሁበት ይፈነዳል፤ ላዩ ማንጸባረቅ ሲጀምር በጥርሳም ቢላ መስመር አስምሩና ጀርባውን በእንጨት መታ አድርጉት፣ ቀጥ ብሎ ይከፈላል። ለሼከር ተራው የቅርጽ በረዶ ይበቃል፤ ጥርት ያለውን ለብርጭቆ አስቀምጡ። የተቆረጠውን በወፍራም ላስቲክ አሽጉና የሦስት ቀን፣ 60 ኪሎ፣ ሁልጊዜ ይኑራችሁ።

ስለ መጠጡ ብዙ አልልም። "መለኪያ" የሚባለው ብርጭቆ ከቤት ቤት ይለያያል፣ በጂገር (ሚሊ ሊትር በተጻፈበት ትንሽ መስፈሪያ) ስፈሩ። መነሻው 60 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 25 ሎሚ፣ 20 ሽሮፕ ነው፤ ሽሮፑ በሚዛን ኪሎ ስኳር ለኪሎ ውሃ። የተጨመቀ ሎሚ አይደር። ጠጅ ከጂንና ከሎሚ ጋር ይስማማል፣ ጣፋጭነቱ ከጋን ጋን ስለሚለያይ ግን ሳትቀምሱ ሽሮፕ አትጨምሩ። የሰፈር አረቄ ኮክቴል ውስጥ አላስገባም፤ ጥንካሬው በየድፍድፉ ይለያያል፣ ንጽሕናውንም የሚያረጋግጥልኝ የለም። አዋዜ ጥብስ ላዘዘ ሰው ጠንካራና አጭር መጠጥ አታቅርቡ፣ አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል፤ በአምቦ ውሃ የረዘመ፣ ሎሚ የበዛበት ይሻላል።

በጾም ቀን ደግሞ ለአረፋ የሚጨመረው እንቁላል አይገባም። ሽምብራ የተቀቀለበትን ውሃ ወፈር እስኪል አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፤ ለአንድ ብርጭቆ 30 ሚሊ ሊትር፣ መጀመሪያ ያለ በረዶ 15 ሰከንድ፣ ከዚያ በበረዶ 12 ሰከንድ ምቱ። አረፋው ከእንቁላሉ አይተናነስም። ምንም ብታደርጉ ግን በዐቢይ ጾም 55 ቀን ባንኮኒው ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ለበዓል ሳይሆን ከፋሲካ በኋላ ክፈቱ፣ እስከ ጥር የምትሳሳቱበት ጊዜ ይኖራችኋል።

የበረዶው ፍሪዘር ዛሬ ለብቻው ነው፣ ሽፋኑ ላይ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉን የሚይዘው ባርማኑ ብቻ ነው። በዓመቱ ከተራ ላይ መብራት ለ11 ሰዓት ጠፋ። ስንጀምር 65 ኪሎ በረዶ ነበረን፤ ሌሊት ስንዘጋ 20 ኪሎ ያህል ተርፎ ነበር፣ ደረቅና ሽታ የሌለው።