ሳይገባኝ ያንጎራጎርኩት

ከአገር እንደወጣሁ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ልጅ መጠበቅ ነበር። ልጁ ስምንት ወሩ ነው። እኔ የሰዎቹን ቋንቋ የማውቀው «እሺ»፣ «ይቅርታ» እና «አመሰግናለሁ» እስከማለት ድረስ ብቻ። ከልጁ ጋር ግን በደንብ ተግባባን። እሱም አፉን አልፈታ፣ እኔም አልፈታሁ።

ከአልጋው በላይ በባትሪ የምትሠራ መጫወቻ ተንጠልጥላለች። ስትከፈት የጨርቅ ጥንቸሎች ቀስ እያሉ ይዞራሉ፤ አንዲት ሴት በለሰለሰ ድምፅ እሹሩሩ ትላለች። ዜማው ደስ ይላል። ምን እንደምትል አላውቅም። ድምፁን ግን እንዳለ ገለበጥኩትና ልጁን ደረቴ ላይ አስደግፌ ማንጎራጎር ጀመርኩ። አንድ ቀን እናቱ በር ላይ ቆማ ሰማችኝና አውራ ጣቷን ቀሰረችልኝ። ኮራሁ።

አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከእንቅልፌ ባነንኩ። ከልጁ ክፍል ዘፈን ይሰማል። ማንም አልከፈተውም። ያው ዜማ ነው፤ ግን ተጎትቷል። የሴትየዋ ድምፅ ወርዶ ወርዶ የሽማግሌ መስሏል። ጥንቸሎቹ ትንሽ ይዞራሉ፣ ይቆማሉ፣ ደግሞ ይንቀሳቀሳሉ። «በስመ አብ!» ብዬ ልጁን አንስቼ ኮሪደር ላይ ወጣሁ። እናቱ መጣች፣ አየችኝ፣ ሳቀች። «ባትሪ!» አለችኝ። ይቺ ቃል ያለ አስተርጓሚ ገባችኝ።

ሊያልቅ የደረሰ ባትሪ ነው እንግዲህ ነፍሴን ያወጣት። እንግዳ ዘፈን ቢሆን እንደዚያ አልደነግጥም ነበር። ያስፈራኝ የማውቀው ዜማ ትንሽ መጣመሙ ነው። የአስፈሪ ፊልም ሠሪዎች ይህቺን ዘዴ አሳምረው ያውቋታል። ጭራቁን ከማሳየታቸው በፊት የልጆች መዝሙር ያሰማሉ፤ ወይም የሙዚቃ ሣጥን ይከፍታሉ።

ይሄ ግን የጆሮ ፍርሃት ነው። ባትሪ ሲቀየር ያልፋል። ሌላኛው ቆይቶ መጣ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የቋንቋ ትምህርት ጀመርኩ። አንድ ሳምንት የተማርነው ስለ ዛፍ ነበር። ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ ቅጠል፣ ሥር፣ ፍሬ። በዚያው ሰሞን ልጁን እያስተኛሁ ሳንጎራጉር አፌ ውስጥ ያለው ድምፅ ድንገት ቃል ሆነ። ቅርንጫፍ። ቀጥሎ መሰበር። ቀጥሎ መውደቅ። ዝም አልኩ። ልጁ «ቀጥይ እንጂ» በሚል ዓይን አየኝ።

ዘፈኑ «ሮክ አ ባይ ቤቢ» ይባላል። ሕፃኑ የተኛው ዛፍ ጫፍ ላይ ነው። ነፋስ ሲነፍስ አልጋው ይወዛወዛል። ቅርንጫፉ ሲሰበር አልጋው ይወድቃል፤ ሕፃኑም አብሮ ይወርዳል። አለቀ። የሚቀልበው ሰው የለም። ግጥሙ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእንግሊዝኛ እየታተመ ኖሯል። እኔም የሰው ልጅ ታቅፌ አምስት ወር ሙሉ «ትወድቃለህ» ስለው ከርሜያለሁ።

እናቱን ጠየቅኳት። «ቃሉን አዳምጠሽው ታውቂያለሽ?» በለሆሳስ ጀመረችው። መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። «ውይ!» አለች። «እናቴም ለእኔ የምትዘፍንልኝ ይሄንኑ ነበር።» ቋንቋው የራሷ ነው። አብራው አድጋለች። ለዚያ ይመስለኛል ያልሰማችው። እኔ እያንዳንዱን ቃል በላብ ስለምገዛው ምንም አያልፈኝም።

የስፔኑ ባለቅኔ ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ እ.ኤ.አ. በ1928 ስለ ልጅ ማስተኛ ዘፈኖች ንግግር አድርጎ ነበር። አገሩ የልጆቿን የመጀመሪያ እንቅልፍ የምትቀባው እጅግ ባዘኑ ዜማዎችና ግጥሞች ነው አለ። እኔ የራሴ ግምት አለኝ። ሕፃን ቃል አይሰማም። በዚያ ሰዓት የምትሰማው እናት ብቻ ናት። ደክሟታል፣ እጇ ዝሏል፣ የምትፈራውን በጣፋጭ ዜማ ጠቅልላ ለራሷ ትናገራለች። ልጁ ዜማውን ይወስዳል፣ ቃሉ እሷው ጋ ይቀራል።

ልጁ ሲያድግ ወደ ማታ ጽዳት ሥራ ገባሁ። አብሮኝ የሚሠራ፣ እሱም እንደኔ ከሩቅ የመጣ ሰውዬ ነበር። በስልኩ የድሮ ዘፈን ይከፍታል። አንድ ማታ አንዲት ሴት ዝግ ብላ ዘፈነች። ዛፍ። ፍሬ። ቅጠል። ሥር። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ! ያ የቅዳሜ ትምህርት ሠራልኝ ብዬ ተደሰትኩ። «ስለ አትክልት ነው አይደል የምትዘፍነው?» አልኩት።

ቫኪዩሙን አጠፋ። «ፍሬው ሰው ነው» አለኝ። «ተሰቅሎ።»

አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ቢሊ ሆሊዴይ ናት፤ ዘፈኑ «ስትሬንጅ ፍሩት»፣ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1939። ግጥሙን የጻፈው ኤብል ሚሮፖል የተባለ የኒውዮርክ መምህር ነው። በመንጋ ተሰቅለው የተገደሉ ጥቁር አሜሪካውያንን ፎቶግራፍ አይቶ ነው የጻፈው። ካፌ ሶሳይቲ በተባለው የኒውዮርክ ክለብ የምሽቷ መዝጊያ ይሄ ዘፈን ነበር። አስተናጋጆቹ መታዘዝ ያቆማሉ። መብራት ይጠፋል። ፊቷ ላይ አንድ ብርሃን ብቻ ይቀራል። ዘፍና ስትጨርስ ወጥታ ትሄዳለች፤ ድገሚ ቢሏት አትመለስም።

ደግሜ ሰማሁት። ዜማው አይጮህም፣ አያስደነግጥም። ዝም ብሎ የአገሩን ውበት፣ የአበባውን ሽታ ይነግርሻል፤ አጠገቡ ደግሞ ያንን ያስቀምጣል። ያን ማታ ብቻዬን ሊፍት መግባት አስጠላኝ። በደረጃ ወረድኩ። መንፈስ ፈርቼ አልነበረም። በዚያ ዘፈን ውስጥ መንፈስ የለም፤ ያሉት ሰዎች ናቸው፤ እሱ ነው ችግሩ።

ከዚያ ወዲህ ተበላሸሁ። የሥራ ባልደረባችን ስታገባ ሙሽሮቹ የዳንሱት በዘ ፖሊስ ባንድ እ.ኤ.አ. የ1983 ዘፈን ነበር፤ ያ እያንዳንዱን እስትንፋስሽን፣ እያንዳንዱን እርምጃሽን እያየሁ ነው የሚለው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል። እኔ ደግሞ ሙሽራዋን በዓይኔ ስፈልግ ነበር፤ ደህና መሆኗን ለማየት። ደራሲው ስቲንግ ራሱ ዘፈኑ የፍቅር ሳይሆን ክፉ መንፈስ ያለው ነው ብሏል። የሰማው ግን ብዙ አይመስለኝም።

አሁን የራሴ ልጅ አለችኝ። አራት ዓመቷ ነው። ሕፃን ሳለች ያቺኑ ዜማ ያለ ቃል አንጎራጉርላት ነበር፤ ዜማው ምን በደለ ብዬ። ባለፈው ሳምንት ለማታ ሥራ ጫማዬን ሳስር አልጋዋ ላይ ሆና ዘፈነችው። ከነቃሉ። ከመዋለ ሕፃናት ተምራ መጥታለች። እሷ ቋንቋውን የፈታችው እዚሁ ነው። ቅርንጫፉን ሰበረችው፣ አልጋውን ጣለችው፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«እማ፣ እናቱ የት ነበረች?»

«ሥራ…» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ጫማዬን ተውኩትና አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ሥሩ ነበረች» አልኳት። «ዛፉ ሥር ቆማ።»