መለስ፣ ክርክርና ዘጠና ሰባት

ሰሞኑን ማታ ማታ የአቶ መለስ ዜናዊን የፓርላማ መልሶች ዩቲዩብ ላይ አያለሁ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፤ ሳላስበው እኩለ ሌሊት ይሆናል። ሰውየው ሲናገር አሁንም ይይዘኛል። ጥያቄውን ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይፈታዋል። በሐሳቡ ባልስማማ እንኳ እስከ መጨረሻው ሳልሰማው አልነሳም። ቪዲዮውን ስዘጋው ግን ውስጤ የሚቀር ነገር አለ። እሱን ልጽፈው ነው።

እኛ ቤት ስለ መለስ አንድ ዓይነት ሐሳብ ኖሮ አያውቅም። አጎቴ የቀድሞው ጦር ወታደር ነበር። በ1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ጦሩ ተበተነ፤ እሱም ባዶ እጁን ቤት ገባ። ለአጎቴ መለስ ማለት ኤርትራን የሸኘና አገሪቱን ወደብ አልባ ያደረገ ሰው ነው፤ በቃ፣ ሌላ መስማት አይፈልግም። ወሎ ያለችው አክስቴ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልጆቿን ቀብራለች። የኋለኞቹን ስትወልድ ግን ቀበሌዋ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ክትባት ነበር፣ አጎበር ነበር። ልጆቹ አደጉላት። በአገር ደረጃም ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1982 አካባቢ 204 ነበሩ፤ በ2004 ወደ 68 ወርደዋል። ይህን የሚያጣጥል ሰው ሲገጥመኝ እናደዳለሁ። አክስቴ የቀበረቻቸውን ልጆች ስም አውቃለሁና።

ስለዚህ መለስን በአንድ ቃል መጨረስ አልችልም። ግን እኩል ከፋፍዬ «ጥሩም ነበር መጥፎም ነበር» ብዬ ማለፍም አልፈልግም። ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው ዘጠና ሰባት ነው፤ የ1997ቱ ምርጫና ተከትሎት የመጣው።

እስኪ ከስሙ ልጀምር። በ1947 አድዋ ሲወለድ የወጣለት ስም ለገሠ ነበር። ጄኔራል ዊንጌት ተማረ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ጀመረ፣ ከዚያ ሁሉንም ትቶ በረሃ ወረደ። መለስ የሚለውን ስም የወሰደው በ1967 ደርግ ከገደለው የተማሪዎች ታጋይ ከመለስ ተክሌ ነው። መንግሥት የገደለውን ተማሪ ስም ተሸክሞ ዕድሜ ልኩን ኖረ ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዘጠና ሰባት የባሰ ያመኛል።

በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የምርጫው ክርክር በቀጥታ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ስለ መሬት ፖሊሲና ስለ አንቀጽ 39 ይሟገታል። እንደዚያ ዓይነት ጊዜ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ያንን በር የከፈተው መለስ ነው፤ ማንም አይነፍገውም። ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ። ያኑ ዕለት ማታ መለስ በአዲስ አበባ ሰልፍ ለአንድ ወር መከልከሉን አስታወቀ። የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት ከከተማዋ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። ከዚያ ሰኔ 1 መጣ፤ ውጤቱን ተቃውመው በወጡት ላይ ተተኮሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የጥቅምቱ ግድያ። ከሰፈራችን ልጆች ሌሊት ታፍሰው ተወሰዱ። እናቶቻቸው የት እንዳሉ ሳያውቁ ሰነበቱ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢና ምክትሉ ኃይሉ ከልክ ያለፈ ነበር ብለው፣ ግፊትም ስለበዛባቸው ከአገር ወጡ።

መለስ ማንንም በክርክር ይረታል። መሸነፍን ግን አልቻለበትም። ሲሸነፍ ሕጉ ራሱ ይቀየራል። ይህ ደግሞ በዘጠና ሰባት የጀመረ አይደለም። በሕወሓት ክፍፍል ጊዜ የታሰሩትን የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ለቀቀቻቸው። ወዲያው ተመልሰው ተያዙ፤ ቀጥሎ በሙስና ለተጠረጠሩ ዋስትና የሚከለክል ሕግ ወጣ። ብርቱካን ራሷ በኋላ የቅንጅት አመራር ሆና ታሰረች፣ በይቅርታ ወጣች፣ በ2001 ስለ ይቅርታው በተናገረችው ምክንያት እንደገና ዕድሜ ልክ ተባለች። በዚያው ዓመት የፀረ ሽብር አዋጁና የበጎ አድራጎት ማኅበራት አዋጁ ወጡ። በ2002 ምርጫ ከ547 የፓርላማ ወንበሮች ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545ቱን ያዙ።

አምስት መቶ አርባ አምስት! ያን ቀን ዜናውን ስሰማ አልተናደድኩም እንኳ። ከዘጠና ሰባት በኋላ ተስፋዬ አልቆ ነበር።

ግን ያው ሰው ነው መጋቢት 24 ቀን 2003 ጉባ ላይ የሕዳሴውን ግድብ መሠረት ድንጋይ ያኖረው። መለስን ማየት የማይፈልገው አጎቴ እንኳ ቦንድ ገዛ። ሲገዛ ስለ መለስ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ ስለ ዓባይ ብቻ ነው የተናገረው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ደውዬለት አብረን አየነው፤ እሱ ቤቱ ሆኖ፣ እኔ ቤቴ።

መለስ በነሐሴ 2004 ብራስልስ ሲሞት እናቴ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ፈርቼ ነበር። ለሃያ አንድ ዓመት ጦሩም፣ ፓርቲውም፣ ኢኮኖሚውም አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው የኖረው። ተቃዋሚው ተሰዷል ወይም ታስሯል፣ ነፃ ጋዜጣ ከስሟል፣ ነገር ሲበላሽ «ተው» የሚል ጠንካራ ተቋም የለም። የመሠረተው ግንባር ሰባት ዓመት አልፎ ትንሽ ብቻ ቆየና ፈረሰ። ከዚያ የመጣውን ጦርነት ሁሉ በእሱ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በሕይወት ያሉት የየራሳቸው ዕዳ አለባቸው። ቢሆንም መነጋገሪያው አዳራሽ ባዶ ባይሆን ኖሮ ነገራችን በጠመንጃ ከመፈታቱ በፊት አንድ ቦታ ይያዝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በኅዳር 2011 ብርቱካን የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆና ስትሾም መለስ በሕይወት በነበረና ባየ ብዬ ተመኘሁ። በእልህ አይደለም። ምን እንደሚል ከልቤ መስማት ስለፈለግሁ ነው።

ከቪዲዮዎቹ ደጋግሜ የማያቸው ከ1998 እስከ 2002 ያሉትን ነው። እነ አቶ ቡልቻ ደመቅሳና ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ተነስተው ይሞግቱታል። እሱም ይነቃል፣ ይዘጋጃል፣ ሙሉ አቅሙን አውጥቶ ይመልሳል። ከ2002 በኋላ ያሉት ላይ የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ ሆኖ የሚጠይቀው አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነው። ሌላው ያጨበጭባል። መለስ እዚያም በደንብ ይናገራል፤ እኔ ግን ግማሽ ሳይደርስ እዘጋዋለሁ።