ከፍቺ በኋላ ማን ይቀልባል? እኔ ያየሁት

እኛ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቡና ላይ ስንቀመጥ ምክር አይጠፋም። «ፍቺውና ዕድሜ ልኩን ይቀልብሽ!» ይላሉ። እኔ ተፋትቻለሁ፤ ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213 ነው። ባልና ሚስት የመደጋገፍ ግዴታ ያለባቸው ጋብቻው እስካለ ነው። ሕጉ ቀለብ ሰጪዎችን ሲዘረዝር ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት አሉበት። የተፋታ ባል የለበትም። ከአባዶ አለፍ ብላችሁ ለገጣፎ የምትኖሩ ደግሞ ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ እሱን አስነብቡ።

እና ባዶ እጅ ነው? አይደለም። የፍቺ አቤቱታ ከገባ በኋላ ፍርድ ቤቱ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ይህን አቤቱታዬ ላይ ለይቼ አስጻፍኩ። ጸሐፊው «እሱ በኋላ ይደርሳል» ቢለኝም አልሰማሁትም። ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር ገቢ የሌላት ሴት ምን ትብላ? ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤም ከመሥሪያ ቤቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲመጣ አስደረግሁ። ራሱ ያመጣዋል ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው።

ዋናው ገንዘብ ያለው ግን ንብረቱ ላይ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት ሁሉ በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግሌ ነው ባዩ እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው። የእኛ 20/80 ቤት በእሱ ስም ነበር። ዕጣው የወጣውም፣ የባንኩን ብድር ስንከፍል የኖርነውም ከተጋባን በኋላ ነው። ስለዚህ ግማሹ የእኔ ሆነ፤ የቀረው ዕዳም እንዲሁ። ዕዳውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የቤቱን ውልና የባንክ ደረሰኞቹን ኮፒ አስቀድሜ እህቴ ጋ አስቀምጬ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ወረቀት ምን ያደርግልሻል፣ እኛ አለን አይደል» ይሉኝ ነበር። እግዜር ይስጣቸው፤ ችሎት ላይ ግን አንዳቸውም አልታዩም።

ፍቺው የመጣው በአንዱ ጥፋት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ካሳ ሊወስን ይችላል። በስምምነት የምትለያዩ ደግሞ የፍቺውን ውጤት በጽሑፍ አድርጋችሁ ታጸድቃላችሁ። «ሥራ እስክይዝ ይህን ያህል ይረዳኛል» የሚል ካለ እዚያው ይግባ። በቃል የተባለ ነገር በማግስቱ ይካዳል።

የልጅ ቀለብ ፍቺ አይነካውም። ምግብን፣ መኖሪያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትን ይይዛል። መጠኑ የሚለካው በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው። ክፍያ ሲዘል ግን «ይሉኝታ ያዘኝ» ብሎ መቀመጥ አይሠራም። ውዝፉ በ3 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ፣ ለኑሮ አስፈላጊ እንደነበር ካላስረዳችሁ በቀር ከዚያ ወዲያ አይከፈልም። የእኛ ሰውዬ መዝለል ሲጀምር ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም የሚጠየቅበትን የአፈጻጸም መዝገብ ከፈትኩ፤ አሁን ከደመወዙ በቀጥታ ይቆረጣል።

ለጠበቃ አቅም ከሌላችሁ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ያግዛል። የተወሰነ ቀለብም ሁኔታ ሲለወጥ እንዲሻሻል ይጠየቃል። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ጨምሯል፤ እኔም ማመልከቻዬን እያዘጋጀሁ ነው።