ከደለስ ወደ ዳላስ

«ዳላስ ቤት ልንገዛ ነው» ብዬ ለእማዬ ስነግራት እልል ልትል ምንም አልቀራት። «አውሮፕላኑ አጠገብ ከሆነማ ለመሄዱም ለመምጣቱም ይቀለኛል» አለች። የመሰላት ደለስ ነው፤ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የወረደችበት፣ ቨርጂኒያ ያለው ኤርፖርት። ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ አሳየኋት። በመኪና ሃያ ሰዓት ገደማ ይነዳል ስላት መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ መወልወል ጀመረች። ያኔ ምን እንደተሰማት ልጠይቃት ይገባኝ ነበር። አልጠየቅኋትም።

ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ አሥራ አንድ ዓመት ኖረናል። ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ፣ አምስት ሰው። ልጆቹ አንድ ክፍል፣ እኛ አንድ ክፍል፣ እማዬ ሳሎን። ኪራዩ 2,350 ብር ደርሶ ነበር (ዶላሩን ብር ማለት ለምዶብን ቀርቷል)፣ በየዓመቱ ደግሞ የጭማሪው ወረቀት በበር ሥር ይገባል። ባለቤቴ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ለሠርግ ዳላስ አጠገብ ወዳለችው ጋርላንድ ሄዶ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ያረፈበት የጓደኛው ቤት አራት መኝታ፣ ጓሮና ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ አለው፤ የወር ክፍያው ከኛ ኪራይ ያንሳል። አየሩም ለብ ያለ፣ የጥቅምት ፀሐይ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ደብተር ይዞ መቀመጥ ሆነ ሥራው። በግራ ገጽ የሲልቨር ስፕሪንግ ጥቅም፣ በቀኝ የዳላስ። ሜሪላንድ ስቴቱ ይቆርጣል፣ በዚያ ላይ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 3.2 በመቶ ይደርባል፤ ቴክሳስ የስቴት የገቢ ግብር ጭራሽ የለም። ቤንዚን ይረክሳል። የእኔ ነርስነትም እንቅፋት አልሆነም፤ ሁለቱም ስቴቶች የነርሶች ኮምፓክት (በአንዱ ስቴት ፈቃድ በሌላው ለመሥራት የሚያስችል ስምምነት) ውስጥ ስላሉ በሜሪላንዱ ፈቃድ ሥራ ጀምሬ፣ ነዋሪነቴን ስቀይር ለቴክሳስ አመለከትኩ። የቀኙ ገጽ ሞላ። በግራው ላይ «ሰው እናውቃለን» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር።

ለቅድሚያ ክፍያው ያዋጣን እቁብ ነው። አሥራ አምስት ሰው፣ በወር አንድ ሺህ። ዕጣው ሲደርሰን 15,000 በአንድ ቀን ባንክ ገባ፤ አበዳሪው «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» አለ። እቁብ ነው አልን። «ሎተሪ ነው?» አይደለም። «ብድር ነው? ወለዱ ስንት ነው?» ወለድ የለውም። ሰውየው ስልኩን ይዞ ዝም ሲል እኔም ሳቄ መጣ። በመጨረሻ የእቁባችን ጸሐፊ ስማችን የተጻፈበትን ደብተር ፎቶ አንስቶ ላከልን፣ እኔ ተረጎምኩት፣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በእቁብ ቤት ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ብሩ ቀደም ብሎ ባንክ ይግባ። ሁለት ወር ከተኛ በኋላ ብዙም አይጨቀጭቋችሁም።

ማርች 2022 ላይ ጋርላንድ በ310,000 ገዛን፣ ወለዱ 3.9 በመቶ። ጁን ላይ የልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ ዕቃችንን ጭነን ወጣን።

«ግብር የለም» የሚባለው የገቢው ነው። የንብረቱ አለ፣ ያውም ከባድ። የመጀመሪያው ዓመት ሂሳብ 6,800 ሆኖ መጣ። የሚኖሩበት ቤት ከሆነ ሆምስቴድ የሚባል ቅናሽ ይጠየቃል፤ እኛ ሳናውቅ አንድ ዓመት አሳለፍን። ኢንሹራንሱም የራሱ ጉድ አለው። በረዶ ጣሪያውን ቢመታው መጀመሪያ ከኪሳችን የምንከፍለው ቤቱ ኢንሹራንስ የተገባለትን ዋጋ 2 በመቶ ነው፤ ስድስት ሺህ ይዘላል። እዚህ የሚዘንበው በረዶ ደግሞ አንዳንዴ የሎሚ ያህላል። ባለቤቴም ዲሲ ኡበር እየነዳ ማታ ማታ ቤቱ ይገባ የነበረው ሰውዬ፣ ዳላስ ሲመጣ እንደ ብዙዎቹ ትራክ ያዘ። ገንዘቡ ጥሩ ነው። እሱን ግን የምናየው ቅዳሜና እሑድ ነው።

በኦገስት የሳሎኑ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ከበሩ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ጣሪያው የሚሄድ ቀጭን መስመር ነው። የመጣው ባለሙያ ግድግዳውን እንኳ በቅጡ ሳያይ ውጭ ወጥቶ አፈሩን በጫማው መታው። መሬቱ ደርቆ ከቤቱ መሠረት ተላቆ ነበር፣ ክፍተቱ እጅ ያስገባል። «መሠረቱን ውሃ አጠጡት» አለን። ቤት ውሃ ሲጠጣ ሰምቼ አላውቅም። እማዬ ግን በቾ ነው ያደገችው፤ ጎንበስ ብላ አንድ ጓል አነሳች፣ በጣቷ ፈረፈረችው፣ «ይሄ እኮ ዋልካ ነው። ዋልካ ላይ ጤፍ ይዘራል እንጂ ቤት ይሠራል?» አለች። እውነቷን ነው። ክረምት ላይ የሚያብጥ፣ በጋ ላይ የሚሰነጠቅ፣ የአገራችን ዋልካ ነው። አሁን ባለ ቀዳዳ የውሃ ጎማ ቤቱን ዞሮ ተዘርግቷል፣ በጋውን ሙሉ እናጠጣለን፣ የውሃ ሂሳቡም ደብተሩ ላይ አልነበረም።

እማዬን ማን ደብተር ላይ ጻፋት? ሲልቨር ስፕሪንግ እያለን ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ በእግሯ ትወጣለች። ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ ሱቅ ገብታ እንጀራ ትገዛለች፣ አውቶቡስ ላይ አማርኛ የሚናገር አታጣም፣ ከሰው ተጫውታ ለምሳ ትመለሳለች። እንግሊዝኛ ሳታውቅ የራሷ ኑሮ ነበራት። እዚህም እንጀራ ሞልቷል፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ሐበሻ ሱቅም። ግን ሁሉም በመኪና ነው። በአርባ ዲግሪ ሙቀት እግረኛ መንገድ በሌለው ሰፈር ወዴት ትሄዳለች? አንድ ቀን ከሥራ ስገባ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ «እግሬን አሰራችሁት» አለችኝ። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በመጣን በሁለተኛው ወር ደግሞ፣ ረቡዕ ቀትር ላይ በሽተኛ ስገለብጥ ስልኬ ኪሴ ውስጥ አልቆም አለ። አሥራ አራት ጊዜ ደውላለች። «ልጄ፣ ምን መጣብን? ከተማው ይጮኻል!» ለካ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያውን በየወሩ ይሞክሩታል፣ የነገራት የለም። የማርያምን ሥዕል ይዛ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ገብታ ዘግታለች፤ ሳታውቀው ትክክለኛው ቦታ ነው። ቤት ገብቼ ስንስቅ አመሸን። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም፣ በዲሴምበር 2015 ጋርላንድን የመታው አውሎ ነፋስ ሰው ገድሏል።

አምና የወንድሟን መርዶ አረዳናት። ሰው አልመጣም አልልም፣ መጥተዋል፤ ቅዳሜ፣ ከሥራ ሲያርፉ፣ ከሩቅ ነድተው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሆን ማታውኑ ቤቱ በሞላ ነበር። ለቀብር ባትደርስም ለአርባው ልሂድ አለች። ከደለስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ላይ ከተቀመጠች አዲስ አበባ ነው የምትወርደው፤ ከዳላስ ግን መቀየር አለ፣ ቋንቋ የለም፣ በሩ ይለዋወጣል። ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ ራሴ ደለስ ድረስ አደረስኳት። መቀመጫዋ ላይ ሆና ስትደውልልኝ «አሁን ቤቴ ደረስኩ» አለች። አውሮፕላኑ ገና አልተነሳም።

ታዲያ ተሳስታችኋል ወይ የሚለኝ አለ። እኔ እንጃ። ትልቁ ልጄ የራሱ ክፍል አለው፣ በሩን ዘግቶ ያጠናል። ጓሮ ውስጥ፣ ያቺ የውሃ ጎማ ባለፈችበት ሁሉ፣ እማዬ ጎመንና ጤና አዳም ተክላለች፣ ለቡና የሚወስዱ ሰዎች እየመጡ ያጫውቷታል። እንመለስ ብንልም ቀላል አይደለም፤ የ3.9ኙን ብድር ጥለን ስድስት በመቶ ገደማ ውስጥ መግባት ነው፣ ያውም በሜሪላንድ የቤት ዋጋ። ባለቤቴ ባለፈው እሑድ ደብተሩን አወጣና የግራውን ገጽ እንደገና መጻፍ ጀመረ። አንደኛ ቁጥር ላይ «እማዬ» ብሎ ጽፏል። እሷ ትመለስ እንደሆነ ስንጠይቃት መልሷ በየቀኑ ይለያያል።

«ዳላስ እንዴት ነው? እንምጣ?» እያላችሁ ለምትደውሉልኝ፣ በኦክቶበር አትምጡ። በኦገስት ኑ፣ ሳምንት ተቀመጡ፣ እናታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ መኪና ሳትከራዩ። ሶፋችን ይዘረጋል።